የሕክምና ማህደራችሁን ከክለቡ ሳትወጡ ውሰዱ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ከከፍተኛው ውድድር ከሱፐር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በሚወዳደር የራግቢ ሊግ (በአንድ ወገን 13 ሰው የሚሰለፍበት የራግቢ ዓይነት) ክለብ ውስጥ በፕሮፕነት ተጫውቻለሁ፤ የፕሮፕ ሥራ ኳስ ይዞ በቀጥታ ከተከላካዮች ጋር መጋጨት ነው። ኮንትራት መፈረሙ፣ ቀን መጋዘን ውሎ ማታ ልምምድ መውጣቱ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲልም ጫማ መስቀሉ ብዙ የሚወራለት አይደለም።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ራስ ምታቱና ስም መርሳቱ ሲበረታብኝ የነርቭ ሐኪሟ ያቀረበችልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ጭንቅላቴን ስንት ጊዜና መቼ መቼ እንደተመታሁ የሚል ነበር። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቀኑን ከየት አምጥቶ ይናገራል? መልሱ ያለው ሜዳ ዳር አስቀምጠው «ስንተኛው አጋማሽ ነው? ባለፈው ሳምንት ማንን ገጠምን?» ብለው ሲጠይቁኝ ፊዚዮቴራፒስቱ በእርሳስ ይሞላው በነበረው ወረቀት ላይ ነው።

ክለቡ ግን በመካከሉ ከስሮ በሌላ ኩባንያ ስም ተመዝግቧል። ማሊያው ያው፣ ስታዲየሙም ያው ሆኖ ሳለ ማህደሬን ስጠይቅ «እኛ ሌላ ድርጅት ነን» ተባልኩ፤ ለቀድሞ ተጫዋቾች ቀን ሲጋብዙኝ ግን «ባለውለታችን» ብለው ነው የሚጽፉልኝ። የቀድሞው ሐኪም ወረቀቱን ለክለቡ አስረክቤያለሁ አለ፤ የኪሳራ አጣሪው ደግሞ ከሂሳብ ሰነድ በቀር የተረከብኩት የለም አለ። በእንግሊዝ ሕግ የግል መረጃውን የጠየቀ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በነጻ መልስ ሊያገኝ ይገባል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር ሊጨመር ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ወረቀቱ በእጄ ነው የሚል አካል ሲኖር ነው። የአካል ጉዳት ክስ ደግሞ በአብዛኛው ጉዳቱ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ እነርሱ እርስ በርስ ሲያመላልሱኝ ጊዜው የሚያልፈው በእኔ ላይ ነው።

የደረሰልኝ ጡረታ የወጣው ፊዚዮቴራፒስት ነው። በደንቡ መሠረት ቤቱ ሊያስቀምጠው የማይገባውን ደብተር ከጋራዡ አውጥቶ አሳየኝ፤ በአንዱ ገጽ ላይ «የጨዋታውን ውጤት አያውቅም። ወደ ሜዳ ተመልሶ ገባ።» ይላል። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

በ2021 (እ.ኤ.አ.) የቀድሞው የራግቢ ሊግ ተጫዋች ቦቢ ጉልዲንግ ገና በ49 ዓመቱ የመርሳት በሽታ እንደተገኘበት ይፋ ካደረገና የቀድሞ ተጫዋቾች ክስ ከተሰማ ወዲህ፣ ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚሰጠው ምክር በዝቷል። አብዛኛው ግን «ለክለባችሁ ሐኪም አሳውቁ» በማለት ያበቃል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የክለቡ ሐኪም እሑድ ቢያያችሁም ሰኞ ጠዋት ወደ ሰፈራችሁ የቤተሰብ ሐኪም ሄዳችሁ ግጭቱን አስመዝግቡ፤ ክለብ ቢከስር የመንግሥት ጤና አገልግሎት መዝገብ አብሮ አይከስርም። የውድድር ዘመኑ ባለቀ ቁጥርም አዲስ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት የማህደራችሁን ቅጂ ጠይቁ፤ ፊርማችሁን በሚፈልጉበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል የሚል ሰው አታገኙም።