ኮፕስ ላይ የተሽከረከርኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከለንደን ዩስተን ባቡር ይዤ ብሌችሊ ወረድኩ። ሰው እዛ የሚሄደው የጀርመንን ኮድ የሰበሩበትን ግቢ ሊያይ ነው፣ እኔ ግን ቀጥታ ኮምፒውተር ሙዚየሙ ጋ፣ ቢቢሲ ማይክሮዎቹ የተደረደሩበት ክፍል ገባሁ። የ80ዎቹ የእንግሊዝ ተማሪ ኮምፒውተር ነው፣ ሚሞሪው 32 ኪሎባይት፣ አሁን በቴሌግራም የምንላላከው ፎቶ እንኳን አይገባበትም።

እዛ ያለ በጎ ፈቃደኛ አንድ ሽማግሌ ሬቭስን ከፈቱልኝ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጄፍ ክራመንድ የሚባል ሰውዬ የሰራው የፎርሙላ 3 የመኪና ውድድር ጌም ነው፣ ሜዳው ሲልቨርስቶን የሚባለው የእንግሊዝ መወዳደሪያ። ፖል ፖዚሽን የሚባለውን ቀለል ያለ የመኪና ጌም የለመደ ሰው እዚህ ጉድ ይሆናል፣ ምክንያቱም ይሄኛው መኪና ክብደት አለው፣ ገና ሳትነሳ የፊትና የኋላ ክንፉን አንግል በቁጥር ያስሞላሃል፣ ክራመንድ ደግሞ ዴቪድ ሀንትን፣ የ1976ቱን የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የጄምስ ሀንትን ወንድም፣ አማክሮ ነው የሰራው። ስክሪኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ሳር፣ ሰማይና ነጭ መስመር ነው በቃ። ግን ኮፕስ የምትባለው የመጀመሪያዋ ኩርባ ላይ ደንግጬ ነዳጁን ስለቅ ጀርባው ዞረና ሳር ላይ ፊቴን ወደመጣሁበት አዙሬ ቆምኩ። ተፎካካሪዎቹ ስማቸው ራሱ ቀልድ ነው፣ ማይልስ ቢሃይንድ የሚባል አለ፣ "ብዙ ማይል ከኋላ" እንደማለት፣ እሱም ጥሎኝ ሄደ።

አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቴም ኮፕስ።

እልህ ያዘኝና ታክሲ ይዤ እውነተኛው ሲልቨርስቶን ሄድኩ (የታክሲው ዋጋ ይቅር፣ አላወራም)። ድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ስለነበር ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ነፋሱም ጆሮ ይቆርጣል፣ ሙዚየሙ ራሱ የአውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ ነው። አንዱን ሰራተኛ "የመጀመሪያው ኩርባ ኮፕስ በየት በኩል ነው?" አልኩት።

"የመጀመሪያው አቢ ነው" አለኝ። ለካ ፎርሙላ 1 ከ2011 ጀምሮ መነሻውን ወደ ሌላ በኩል አዙሮታል።

"ኮፕስ ነው ያለህ ማነው?"

"ሬቭስ።"

ሳቁን ለቀቀው። "ስንተኛ ወጣህ ታዲያ?"

መጨረሻ።