ከግማሽ ሜትር በታች ያለው ወለል

አዳማ ላይ ጓሮ ያላችሁና ዛፍ ልትተክሉ ያሰባችሁ፣ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ በአንድ ክረምት ሰባት አቮካዶ ደርቆብኛል። ያደረቃቸው ደግሞ ድርቅ አይደለም፣ ውሃ ነው።

ቦታዬ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ 400 ካሬ። ከቤቱ የተረፈው ጓሮ ለዓይን በጣም ያምራል። አፈሩ አመድማ፣ ቀላል፣ የላመ ነው፤ በበጋ ስትረግጡት ቡን ይላል። መሃል መሃሉ ላይ ነጫጭ የፑሚስ ፍርፋሪ አለው፣ ያው ብሎኬት የሚሠራበት ቀላሉ ድንጋይ። አልፎ አልፎ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ ባልጩትም ይወጣል። ዶማ እንኳን ሳይፈልግ በአካፋ ይቆፈራል። ሳየው እዚህ ላይ ያልበቀለ የት ሊበቅል ነው አልኩ።

ሰኔ ላይ ዘጠኝ የተዳቀለ አቮካዶ ገዛሁና አንድ ልጅ በቀን ሥራ ቀጥሬ ማስቆፈር ጀመርኩ። ያሰብኩት 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነበር። 45 አካባቢ ሲደርስ ቀና ብሎ «እህቴ፣ ድንጋይ ደረስኩ» አለኝ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይም ያው። ሦስተኛው ላይም። ያን ጊዜ ነበር ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ። በአንድ ጓሮ ውስጥ በየቦታው፣ ተቀራራቢ ጥልቀት ላይ፣ እኩል ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይ ከየት ይመጣል? እኔ ግን ዝናቡ ሳያልፈኝ ልትከል ብዬ «በቃ ይበቃል» አልኩት። ጉድጓዱን በኮምፖስትና በፍግ ሞላሁ፣ ተከልኩ።

ሐምሌን ደህና ነበሩ፣ አዲስ ቅጠልም አወጡ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ወደ ታች መንጠልጠል ጀመረ። የጠወለገ ቅጠል ሲያይ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ውሃ ጠማው ብሎ ነው፣ እኔም ዝናብ በሌለባቸው ቀናት ጀሪካን ተሸክሜ አጠጣኋቸው። ባጠጣኋቸው ቁጥር ባሰባቸው። ጥቅምት ላይ ሰባቱ አለቁ። አንዱን ስነቅለው ያለምንም ትግል ወጣ። ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ በሁለት ጣቴ ስስበው ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረና ከውስጥ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ተረፈ። ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ደግሞ ዝናቡ ካቆመ ሳምንታት አልፎት ውሃ አለ። ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈርኩ ስል ለካ ሰባቱን ገንዳ ነው ያደረግኳቸው። ከላይ የሚገባው ውሃ መውጫ የለውም፣ ሥሩም ወደ ታች መሄጃ የለውም። አቮካዶ ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆየት ፈጽሞ አይችልም፣ አየር ያጥረውና ይበሰብሳል።

ነገሩ የገባኝ ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ በመቆፈር የኖሩ አንድ አባት ሲመጡ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው በዲጅኖ ሁለት ሦስቴ መቱት።

«ስሚው እስቲ ልጄ። ዓለት ቢሆን ዲጅኖው ይጮህ ነበር። ይሄ ያፍናል።»

«ምን ማለት ነው አባባ?»

«ድንጋይ የሆነ አፈር ነው። ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ሌላ አፈር አለ።»

እውነታቸውን ነበር። በግማሽ ቀን ሥራ አንዱን በሱት። ውፍረቱ ስንዝር ያህል ነው። ከሥሩ እንደገና ልል አመድና ፑሚስ መጣ፣ በእጅ የሚዛቅ።

ከተሰበረው ቁራጭ የተወሰነ ቤት ይዤ ገባሁ። ላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት አለው፣ ውስጡ ፈዛዛ ቡናማ ነው። ድሮ ሥር ያለፈባቸው የሚመስሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት፣ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሰም የተቀባ ይመስል ያበራል። ሁለት ሙከራ አደረግኩ፣ ሁለቱንም ማንም ሰው ኩሽናው ውስጥ ሊያደርጋቸው ይችላል። መጀመሪያ አንዱን ቁራጭ ከነጩ ወለል፣ ሌላውን ከወለሉ በላይ ካለው ጠንከር ያለ አፈር ወስጄ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት የላይኛው ተንዶ ጭቃ ሆኗል። የታችኛው እንዳለ ነው፣ ውሃው እንኳን አልደፈረሰም። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ውሃ ውስጥ የሚፈርስ ከሆነ የተጠቀጠቀ አፈር ብቻ ነው፣ በውሃና በዶማ ይሸነፋል። የማይፈርስ ከሆነ ግን የሆነ ነገር እንደ ሲሚንቶ አያይዞታል ማለት ነው። ማለስለስ ነው ብዬ በላዩ ላይ ስንት ጀሪካን ውሃ ሳፈስ መክረሜ ያናደደኝ ያን ጊዜ ነው። በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚባለው ይሄው ነው።

ቀጥሎ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ነጩ ቅርፊት አረፋ አወጣ፣ ኖራ አለው ማለት ነው። ውስጡ ግን ዝም አለ። ቅርፊቱን በአቼቶ አጥቤ ከጨረስኩ በኋላም ቁራጩ እንደ ጠነከረ ነው። ስለዚህ ዋናው ማያያዣ ኖራ አይደለም። ሲሊካ ነው፣ ጠርሙስ የሚሠራበት ነገር።

ከየት መጣ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ በዙሪያችን አለ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ቦሰት እዚያ ቆሟል፣ ገደምሳ ከወንጂ ወዲያ ነው፣ ሁለቱም እሳተ ገሞራ ናቸው። ጓሯችን ውስጥ ያለው አመድ ቶሎ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ክሪስታል ለመሆን ጊዜ ያላገኘ ደቃቅ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆው በዝናብ ቶሎ ይበላል፣ ሲበላ ሲሊካ ይለቃል። ብዙ ዝናብ ባለበት ደጋ ላይ ቢሆን ውሃው ያንን ሲሊካ አጥቦ ይዞት ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ከዚያ ፀሐይና ነፋስ ነው። ውሃው የተወሰነ ጥልቀት ድረስ ይወርድና ይቆማል፣ ይደርቃል፣ የያዘውንም እዚያው ይጥላል። ይሄ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ወለል ይሆናል። ጥልቀቱ ከቦታ ቦታ የሚቀራረበውም ለዚህ ነው፣ የዝናቡ ውሃ የሚቆምበትን ቦታ ነው የሚከተለው።

ይሄ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኦሪገንና በአይዳሆ ደረቅ የላቫ አምባዎች ላይ እንዲህ ያለ ወለል ሞልቷል፣ ባለሙያዎቹ ዱሪፓን ይሉታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍራፍሬ ለመትከል በድማሚት ያፈነዱት ነበር። ሜክሲኮዎች ደግሞ የነሱን ቴፔታቴ ይሉታል፣ ከጥንት ቋንቋቸው ሲተረጎም የድንጋይ ሰሌን ማለት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ያንን ጠፍጣፋ ነገር ሳየው ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። እነሱ ሰብረው፣ ስባሪውን እርከን አድርገው፣ ፍግ እየጨመሩ ያርሱታል። እኔንም ያበረታኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛውን ዙር እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጓሮውን ወጋሁት። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ፌሮ አስቆርጬ፣ ጫፉን አሹዬ፣ በየሁለት ሜትሩ በመዶሻ እየመታሁ የቆመበትን ጥልቀት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አንድ ቅዳሜ ነው የፈጀው። አንዳንድ ቦታ 30 ላይ ይቆማል፣ አንዳንድ ቦታ 70 ላይ፣ በአጥሩ ጥግ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሽ ወለል የለም። የተረፉት ሁለቱ አቮካዶዎች የት የተተከሉት መሰላችሁ? እዚያው ጥግ። ይሄንን ሥራ ከችግኙ በፊት ብሠራው ኖሮ የአንድ ፌሮ ዋጋ ብቻ ነበር የሚያስወጣኝ።

ከዚያ መብሳት። ሥራው በበጋ ነው የሚሠራው። አፈሩ ሲደርቅ ወለሉ በዲጅኖ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ግን በጭቃ ውስጥ ምቱ ይሞታል። ትልልቅ እርሻዎች ትራክተር ላይ በሚገጠም ሪፐር ሲሰነጥቁም ደረቅ ወቅት የሚመርጡት ለዚህ ነው። አባባ ዘዴያቸው መሃሉን መደብደብ አይደለም። መጀመሪያ ጠርዝ ላይ አንድ ቀዳዳ ከፍተው እስከ ታችኛው ልል አፈር ይደርሳሉ፣ ከዚያ ዲጅኖውን ከሥር አስገብተው ወደ ላይ ይፈነቅሉታል። ሥሩ ልል ስለሆነ በትልልቅ ገበታ ይነሳል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ማለፍ አለባችሁ። ሦስት አራተኛውን ቆፍሮ ማቆም ገንዳውን ማጥለቅ ብቻ ነው። ማለፋችሁን የምታውቁት በውሃ ነው። ከመተከሉ በፊት ባዶው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ገልብጡበትና ሂዱ። የድሮው ጉድጓዴ ላይ ስሞክረው ማታ ያፈሰስኩት ጠዋት እንዳለ ነበር፣ ላዩ ላይ ቅጠል ይንሳፈፋል። በተበሳው ላይ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ ጠፍቷል። ያን ቀን እውነቴን ነው ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

ስሞላም ሐሳቤን ቀየርኩ። ቀዳዳውን በጠጠር ልሙላው ብዬ ነበር፣ ውሃ ያሳልፋል ብዬ። ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፣ ላይኛው አፈር እስኪጠግብ እዚያው ይንጠለጠላል። ስለዚህ የራሱን አፈር መለስኩበት፣ ኮምፖስቱን ላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ቀላቀልኩ። ችግኙን ደግሞ ከመሬቱ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ተከልኩት። ለአቮካዶ ጉብታ ትልቅ ነገር ነው።

የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። በበጋ ይሄን አመድ አንስቶ ይወስደዋል፣ ጭድ ብታለብሱትም ጭዱን ይወስደዋል። እኔ ግንዱ ዙሪያ የጤፍ ጭድ አልብሼ የፈነቀልነውን ወለል ገበታ ገበታውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩበት። የቀረውን ስባሪ ተዳፋቱ ላይ ካብ አድርጌ ደረደርኩት። ዘንድሮ ካቡ ኋላ የተጠራቀመው አፈር አራት ጣት ይሆናል።

አሁን ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ስድስት አቮካዶ ተክዬ ስድስቱም ቆመዋል፣ ትልቁ አጥሩን አልፏል። አንደኛው ላይ ነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ልቤ ደነገጠ፣ ግን የዚህኛው ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ብቻ ነበር የገረጣው። ያ የኖራ አፈር ላይ የሚመጣ የብረት እጥረት ምልክት ነው፣ ውሃ አልተኛበትም። የነጩ ቅርፊት ስባሪ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ተመልሶ ስለነበር ለቅሜ አወጣሁለት፣ ኮምፖስትም ጨመርኩ። አዲሱ ቅጠል ደህና ነው።

አንድ ቦታ አልተሳካም። በበሩ በኩል ወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ጀምሮ ሁለት ቀን ቆፍረንም አላለቀም። አባባ ዲጅኖውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ይሄንን ተይው ልጄ፣ ይሄኛው ይጮሃል» አሉኝ። ተውኩት። በስባሪው መደብ ሠርቼ አፈር ከፍ አድርጌ ቆስጣና ቃሪያ ዘራሁበት፣ ለነሱ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። ሦስት ጉድጓድ ይቀረኛል፣ ኅዳር ላይ መሬቱ ሲደርቅ አባባ ይመጣሉ።