ውፍረቴን በወጪ ደብተር ስጽፈው

ሰው ሲወፍር እኛ ዘንድ «ተመችቶሻል!» ነው የሚባለው። ቁመቴ 1.60 ሜትር፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነበር። ክብደቴ በቁመቴ ካሬ ሲካፈል ወደ 37 ይመጣል፤ 30ና ከዚያ በላይ ደግሞ በሕክምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው።

ምክርማ ብዙ ሰምቻለሁ። የቆረጥኩት ግን ውፍረቱ የሚያስወጣኝን ለብቻው መጻፍ ስጀምር ነው፦ የግፊት መድኃኒት፣ የጉልበት ማስታገሻ፣ ሱቅ ልኬ ስለማይገኝ ለልብስ ሰፊ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳያጉረመርም የምከፍለው የሁለት ሰው ሒሳብ። ወሩ ሲያልቅ ድምሩ ከመብራትና ከውኃ ክፍያችን በብዙ በለጠ። ደብተር ላይ የማይሰፍርም አለ፤ አራተኛ ፎቅ መውጣት ፈርቼ የቀረሁበት ለቅሶ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከወጥ ጀመርኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ እኛ ደግሞ ከጀሪካኑ በግምት ነው የምናንቆረቁረው፣ በተለይ በጾም። አሁን ሽንኩርቱን ውኃ ጠብ እያደረግኩ በደረቁ አቁላልቼ ዘይቱን በማንኪያ ቆጥሬ እጨምራለሁ። ከሥራ ስመለስም ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ትሪው ነው። በጋራ ሲበላ እንጀራው ከስር ከስር ስለሚጨመር የበሉት አይታወቅም። ለብቻ በሰሃን መብላት ደግሞ ኩርፊያ ይመስላል፤ እናቴን ቅር አሰኝቷታል። ስለዚህ ከትሪው ሳልለይ አንድ ጥቅል እንጀራ ፊቴ አስቀምጣለሁ፤ እሱ ሲያልቅ ተነስቼ እጄን እታጠባለሁ። እጁን ለታጠበ ሰው ጉርሻ የሚያነሳ ብዙ የለም። እናቴ ብቻ «በሞቴ!» ትላለች፣ የእሷን እጎርሳለሁ።

ተስፋ የሰጠኝ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው። ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ላይ ቅናሹ 31 በመቶ ነበር። ለእኔ 7 በመቶ ማለት ሰባት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሸንቃጣ ካልሆንሽ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች ስንቱን ተስፋ እንዳስቆረጡ ሳስብ ያንገበግበኛል።

አሁን 86 ኪሎ ነኝ። ሐኪሜ የግፊት መድኃኒቴን ቀንሶልኛል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቴ አሁንም ያመኛል። የቀረው የእራት ሰዓት ነው። ባለቤቴ የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ስለሆነ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር 1 ሰዓት ላይ በልቼ እሱን ሻይ ይዤ እንዳጫውተው ተስማምተናል።