ስም ጠሪ ሆኜ ስም የተሳሳትኩበት ዓመት፣ ከዚያም በኋላ

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከኬጂ ተነሥቶ 8ኛ ላይ ያበቃል። የእናቱን ነጠላ አልለቅም ብሎ እያለቀሰ የገባ ሕፃን፣ ድምፁ ጎርንኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ ዓመት ወላጆቹ ሲስተሮቹን አምነው በር ላይ አስረክበውት ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ኖረዋል። የመጨረሻው ዓመት ሲመጣ ከልጁ ይልቅ ወላጁ ይደናገጣል። ይህ እስኪገባኝ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የሚኒስትሪ አድሚሽን ካርድ አድለን ጨርሰናል። (ስሙ ዛሬ ክልላዊ ፈተና ነው፤ እዚህ ግን ከአያት እስከ ልጅ ሁሉም ሚኒስትሪ ነው የሚለው።) በማግሥቱ ጠዋት አንድ ባጃጅ ነጂ አባት በር ላይ ጠበቀኝ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ካርዱን ዘረጋልኝና ረጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ የእኔ ልጅ አይደለም» አለኝ።

ፎቶው የልጁ ነው። የአባት ስም ግን «ኃ/ማርያም» ይላል። የልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ «ሀይለማርያም» ነው። በእንግሊዝኛ ፊደልማ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኗል፤ አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ። እኔ ስሙን የገለበጥኩት ከክፍል ሮስተር ነበር፤ ሮስተሩ ደግሞ ካለፈው ዓመት ሮስተር፣ ያም ከዚያ በፊት ከነበረው። አንድ መምህር ከዓመታት በፊት ቦታ ጠቦት ያሳጠራት ስም እስከ ሚኒስትሪ ተከትላን መጣች። ደብዳቤ አጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ሦስት ቀን ተመላልሼ አስተካከልኩ። አባትየው የሦስት ቀን ገቢው ቀረ። ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሥራዬ ስም መጥራት ሆኖ ስም አበላሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ከወላጆች ጋር ያለኝ ሥራ በውጤት አይጀመርም፤ በወረቀት ነው። መስቀል እንዳለፈ ወላጆችን በአምስት በአምስት እየከፈልኩ እጠራለሁ። ከወሳኝ ኩነት የተሰጠውን የልደት ምስክር ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ራሳቸው በእጃቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል ይጽፋሉ። እዝባር ክልክል ነው፤ ገ/፣ ወ/፣ ኃ/ የለም። ሀሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ፣ ጸሎቱ ጸ ነው ፀሐዩ ፀ እያልን እንከራከራለን፤ አንዳንዱ አባት ስሙ በሁለት ዓይነት እንደሚጻፍ ያን ቀን ያውቃል። መጻፍ ለማትችል እናት ፊደል በፊደል አነብላታለሁ፤ ልጇ ይጽፋል፣ እሷ ትፈርማለች። ለምን ይህን ያህል? ይቺ ስም ከ8ኛ ሰርተፍኬት ወደ 9ኛ ምዝገባ፣ ከዚያ ወደ 12ኛ ትሄዳለች። ፋይዳ መታወቂያ ላይ ካለው ስም ጋር የተጣላች ቀን ማስታረቁ ከባድ ነው። የዛሬዋ ግማሽ ሰዓት ርካሽ ናት።

ሁለተኛው ስሕተቴ ስብሰባ ነው። ጠቅላላ የወላጆች ስብሰባ ስንጠራ አዳራሹ ይሞላል፤ የሚናገሩት ግን አምስት ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ነው። ልጇ ከመስከረም ጀምሮ እየወረደ ያለባት እናት ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ዝም ብላ ወጥታ ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ በአንድ ላናግራቸው ብዬ ቅዳሜ ቀጠርኳቸው። ሦስት ሰው መጣ። ጎንደር ተወልጄ አድጌ ቅዳሜ ገበያ መሆኑን ረስቼ! በርበሬና ሽንኩርት የምትነግድ እናት ቅዳሜን ለማንም አትሰጥም፤ ለእኔም መስጠት የለባትም። አሁን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው፤ ለሙስሊም ወላጆች ደግሞ በሥራ ቀን ከሰዓት፣ ከዓርብ በቀር። ለአንድ ወላጅ ዐሥር ደቂቃ እይዛለሁ፤ ሃያ ይሆናል።

ስለ ውጤት ከማውራቴ በፊት ማታ ልጁ የት ተቀምጦ እንደሚያጠና እጠይቃለሁ። መልሱ ከየትኛውም ካርድ በላይ ይነግረኛል። አንዱ እናቱ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ እየመጣ «ስኳር ግማሽ ኪሎ» እያለው ያነባል። አንዷ ውኃ በመጣ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ጀሪካን ስትሞላ አድራ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ እኔ ደግሞ ሰነፍ መስላኝ ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥቻታለሁ። የጎንደርን የውኃ ወረፋ የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ከልጅቷ እንቅልፍ ጋር ግን አላገናኘሁትም። አባቷን ያስቸገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውኃ ሌሊት ታላቅ ወንድሟ ይነሣ። ተስማማን። ወንድምየው እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል።

ጥምቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሌላ አገር ሰው ጥምቀትን አንድ ቀን ይመስለዋል። እዚህ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ከመውረዳቸው ከሳምንት በፊት ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ የልጁ አልጋ ለአጎት ይለቀቃል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ድፎው ይደፋል፤ ሴት ልጅ ካለች ደብተር አትነካም። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፈተና ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ዓመት «እንግዳ ቀንሱ» ብዬ ተናግሬ ነበር፤ የሣቁብኝን አልረሳውም። አሁን የምለው፣ ከገና በፊት ያልተጠና ነገር እስከ ጥር አጋማሽ አይጠናም፤ ስለዚህ ኅዳርንና ታኅሣሥን ስጡኝ፣ ጥምቀትን ለእናንተ እተዋለሁ ነው።

ልጆቹን በሙሉ ያመጧቸው ወላጆች አይደሉም። አንዷን ተማሪዬን ያሳደገቻት አያቷ ናት። እኔን «የኔታ» ነው የምትለኝ፤ መምህር ለእሷ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ልጅቷን ለኬጂ ስታስመዘግብ ሲስተሯን «ሃይማኖቷን እንዳትነኩብኝ» ብላ አስምላ እንደገባች ራሷ ነግራኛለች። አይፈረድባትም። ይህችን ከተማ የቆረቆረው ፋሲል የአጼ ሱስንዮስ ልጅ ነው። አባትየው ከጄስዊት ሚሲዮናውያን ጋር ሆኖ የሮማን ሃይማኖት፣ ካቶሊክን፣ አወጀ፤ አገር አልቀበልም አለ፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አስወጣ፤ በነገሠ በአራት ዓመቱ ገደማ ደግሞ ጎንደርን መሠረተ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው ቃል እዚህ ከአያት አፍ አልጠፋም። እንዲህ ባለ ከተማ ልጅን ለካቶሊክ ትምህርት ቤት መስጠት ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው ተማሪያችን ግን የኦርቶዶክስ ልጅ ነው፣ የሙስሊምም አለ።

ኅዳር ላይ አያትየው ተራዋ ደርሶ መጣች። ወንበር ብሰጣት እንቢ ብላ በርጩማ አስመጣች። «የኔታ፣ ያኔ የፈራሁት እናንተን ነበር» አለችኝ። «አሁን የምፈራው ያለ እናንተ መቅረቷን ነው። ከዚህ ወጥታ ማን ያይልኛል? አደራዬን ለማን ልስጥ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አይዞዎት፣ ጎበዝ ናት» ብዬ እሸኛት ነበር። ያን ቀን ግን አደራ የሚለው ቃል ያዘኝ። አደራ የሰጠ ሰው ዕቃው ሲመለስለት ቆጥሮ ነው የሚረከበው። እኛ አሥር ዓመት የያዝነውን ልጅ ሰኔ ላይ በበር አስወጥተን «በርታ» ብለን እንሸኛለን፤ ለወላጁ ምን ቆጥረን እንዳስረከብን አንናገርም። ለአያትየው ልጅቷ ምን እንደምትችል፣ ምን እንደሚያቅታት፣ ስትፈራ ዝም እንደምትል፣ ሒሳብ ብቻዋን፣ እንግሊዝኛ ግን ከጓደኛ ጋር ብታጠና እንደሚሻላት አንድ በአንድ ነገርኳት። በጣቷ እየቆጠረች ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ ከወላጅ ጋር ስቀመጥ የማደርገው ይኸው ነው።

በዚህ ቆጠራ ውስጥ በጣም ዘግይቼ የተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ጥቂት ልጆች ክፍያቸውን የሚሸፍንላቸው ሚሲዮኑ ነው፤ ያ ድጋፍ 8ኛ ላይ ያበቃል። አንድ ዓመት ይህን ለአንዲት እናት ሰኔ ውስጥ፣ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነገርኳት። 9ኛንም የሚቀጥል መስሏት የግል ትምህርት ቤት አስባ ነበር። አሁን ይህ ዜና ኅዳርን አያልፍም፤ ሲስተር ዳይሬክተሯም አብራኝ ትቀመጣለች፤ ከእኔ አፍ ብቻ ሲሰማ ልመና የተከለከለ ይመስላል።

የተማሩት አባቶች ጭንቀት ሌላ ነው። እነሱ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከጥቅምት 2015 ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3፣ ቀጥሎ 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ነው። አንዱ አባት እነዚህን አራት ቁጥሮች በስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝና «ታዲያ 9ኛን የት ላስገባው?» አለኝ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ጫማውን ያያል። የ13 ዓመት ልጅ ገና ያልደረሰበት የ12ኛ ክፍል ውድቀት ተነግሮት ሚኒስትሪ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እንዲህ ያለውን ወሬ ልጁ ሳይኖር እናውራ ብዬ ለምኛለሁ፤ እምቢ ያለኝ አባት የለም።

ለጥያቄው የምመልሰው ሄዳችሁ እዩ ነው። ሚያዝያ ውስጥ ለመንግሥትም ሆነ ለግል ትምህርት ቤት አንድ አንድ ጠዋት ስጡ፤ ልጁን ይዛችሁ፣ በእረፍት ሰዓት። ቢሮ ውስጥ ያለው ሁሌም ሥርዓት አለው፤ ደወል ሲደወል መምህሩ ክፍል ይገባል ወይ የሚለውን ቆማችሁ እዩ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ፈረቃ ነው ወይስ ሙሉ ቀን? ሲመሽ ባጃጅ ይገኛል ወይስ ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው? በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ጎንደር ላይ ከሁሉ የከበደው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ብዙ እናት ከጥሩው ትምህርት ቤት የቅርቡን መርጣለች፣ እኔም ልክ ናት ብያለሁ።

ስለ ሞዴል ፈተና አንድ ነገር ልጨምር፤ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው። ደረጃ አልናገርም። የመልስ ወረቀቱን አወጣና አሳያለሁ። አንድ ጎበዝ ልጅ ሒሳብ ላይ ከግማሽ በታች አምጥቶ አባቱ እጁን ሊያነሣበት ደርሶ ነበር። ወረቀቱን ዘረጋን። 17ኛውን ጥያቄ ከብዶት ዘሎታል፤ የ18ኛውን መልስ ግን 17 ላይ አጥቁሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተንሸራቷል። ወረቀቱ ላይ ጣቴን አንድ መስመር ወደ ታች እያወረድኩ ስናነበው ከሞላ ጎደል ልክ ነበር። አባትየው ብዙ ዝም አለና «እና ልጄ ያውቃል?» አለ። ያውቃል። ያንኑ ሳምንት ለክፍሉ በሙሉ ባዶ የመልስ ወረቀት አባዝቼ፣ ጥያቄ እየዘለሉ ማጥቆር ብቻ አለማመድኳቸው። ከዓመቱ ማጠናከሪያ ትምህርት ሁሉ ይህቺ አርባ ደቂቃ ሳትበልጥ አትቀርም።

ባለፈው ሐምሌ ውጤት መጥቶ ሰርተፍኬትና መሸኛ ስንሰጥ አያትየው የልጅ ልጇን ይዛ መጣች። ማኅደሩን ሰጠኋት። እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ልጅቷ ምን ምን እንደሆኑ ታነብላታለች። ሰርተፍኬት፣ ትራንስክሪፕት፣ መሸኛ፣ የልደት ወረቀት ቅጂ። ጨርሳ ቀና አለችና፣

«የኔታ፣ አንድ ይጎድላል።»

«ምን እማማ?»

«የክርስትና ወረቀቷ። ያኔ ስትገባ ዕድሜዋ እንዲታወቅ ብላችሁ ዋናውን ወስዳችኋል።»

እኔ በዚያ ዘመን እዚህ አልነበርኩም። ማኅደሯን ገለበጥኩ፤ የለም። ሲስተር ዘንድ ሄድኩ። ቁልፍ ፈልጋ ከቢሮዋ ጥግ ያለውን የብረት ቁምሳጥን ከፈተች። ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በቡኒ ፖስታ፣ በዓመተ ምሕረት የታሰሩ ወረቀቶች አሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አገኘችው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ የደብሩ ማኅተም ግን ይነበባል። ራሷ ይዛው ወጣች። አያትየው በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ ማኅተሙን ሳመችው፣ አራት አጠፈችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ የሲስተርን እጅ ይዛ፣ «አሁን ሞላ» አለቻት።