በረካ መጀመሪያ፣ አቦል መጨረሻ

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ክፍለ ጊዜ ያንስሻል ተብዬ የክወናና ዕይታ ጥበባት ተደረበልኝ። ብሩሽ ይዤ አላውቅም። ተማሪዎቼ 54፣ የተሰጠኝ የውሃ ቀለም ደግሞ 12 ቀለም ያለው አንድ ሳጥን ብቻ።

ማታ ማታ ለብቻዬ ልለማመድ ብዬ፣ ድፍረት መቼም አይጎድለኝም፣ በቀጥታ እዚህ ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልስል ተነሳሁ። ያንን ሁሉ የእንጨት ሰገነትና ፍርግርግ! ቀይ ላይ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ላይ ሰማያዊ ስደራርብ በግማሽ ሰዓት ጅሬን ጭቃ ሆነ። ወረቀቱም የፎቶ ኮፒ ነበር፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም፤ ውሃ ሲነካው እንደ ቆርቆሮ ተኮራመተ። ለውሃ ቀለም የሚመከረው 300 ግራም ነው። እኔ ማኒላ ገዝቼ ተገላገልኩ።

የጭቃው ምክንያት የገባኝ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ ረከቦት ላይ ነው። አቦሉ ጥቁር፣ ቶናው ፈዘዝ ያለ፣ በረካው የሻይ መልክ። እኔ ለቀለም ስጣደፍ የቱ ቦታ ጨለማ፣ የቱ ብርሃን እንደሆነ አይቼ አላውቅም ነበር። ከየስኒው ትንሽ ትንሽ አስተረፍኩና ብሩሼን ነከርኩ።

«ምነው ልጄ፣ ቡናም መቀባት ጀመርሽ?» አለችኝ እማዬ።

በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ አንዴ ካጠቆሩት መመለሱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ከፈዛዛው ተነስቶ ወደ ጥቁሩ ይኬዳል። የቡናው ተራ ተገለበጠ ማለት ነው።

ሰኞ አንድ የጅማ በርጩማ መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ መጋጠሚያ የለውም፣ ለጀማሪ ይመቻል። ግማሹ ክፍል ግን ለባለ ሦስት እግሩ በርጩማ አራት እግር ሳለለት። በጅማ ልጆች! «ቁጠሩ» አልኳቸው፤ እዚህ ላይ እንኳን ሒሳቤ አልከዳኝም። ቀጥዬ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው እንዲያዩት ነገርኳቸው። እንዲያ ሲታይ ጌጡና ጭረቱ ይጠፋና ሦስት ነገር ብቻ ይቀራል፦ የመስኮቱ ብርሃን ያረፈበት መቀመጫ፣ ደብዘዝ ያለው ጎን፣ ከሥሩ ያለው ጨለማ። መቀመጫውን ነጭ ትተን የቀረውን በሙሉ በበረካ ቀባን። ሲደርቅ ጎኑን በቶና። እሱም ሲደርቅ ከሥሩ አቦል።

«ሲደርቅ» ማለት ግን ቀላል ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መጠበቅ ያቃታቸው እርጥቡ ላይ አቦል ሲያስነኩ ጥቁሩ ሥር እየሰደደ መቀመጫው ድረስ ሄደ። ከእነዚያ ሁለቱ ከሁሉም አምረው ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ቡናውን ከየቤታቸው በጠርሙስ ያመጣሉ። አንድ ሳምንት የከረመው ሻግቶ ክፍሉን አገማው፣ አሁን የዕለቱን ብቻ ነው የምቀበል። ባለፈው ደግሞ አንዱ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ቡናው አልይዝ አለኝ» ብሎ ጠራኝ። መቀመጫው ጠርዝ ላይ ቡናው ነጠብጣብ እየሠራ ይሸሻል። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ ቅቤ ነው። እናቱ በቅቤ ያፈላችውን ነው ያመጣው። ወረቀቱ ቅባት ከጠጣ ውሃ አያስገባም፣ ነጩም ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይህንኑ ለክፍሉ አስረዳሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሦስት ልጆች ቅቤ ይዘው መጡ።