ገበር የሌለው ኮት

ከማልፔንሳ ኤርፖርት የተነሳው ባቡር ሚላን፣ ካዶርና የሚባል ጣቢያ አራገፈን። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ነገር መርፌ ነው። ቀልዴን አይደለም። ፎቅ የሚያህል መርፌ ጫፉን መሬት ላይ ሰክቶ አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ የተጠመጠመበት ክር ቱቦ ያክላል፣ ቀለሙ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጥር ነው፣ ጉም ነው፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ እኔ ግን ሻንጣዬን መሃል መንገድ ትቼ ስልኬን አወጣሁ።

«እቴቴ፣ ባንዲራችንን እኮ ነው የጠመጠሙበት!»

«የሜትሮው መስመሮች ቀለም ነው። ነይ ባክሽ፣ ብርዱ ሳይፈጅሽ።»

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሚላን ከገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አብዛኛውን ያሳለፈችው አሮጊቶች ስታስታምም ነው። ልክ ነበረች። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲቆም ከተማዋ የነበሯት ሦስት የሜትሮ መስመሮች ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ናቸው። ግን የልብስ ቅድ ልትማር ለመጣች ልጅ ከተማው መርፌና ክር ይዞ በር ላይ ሲጠብቃት ምን ትበል? ለኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ለልብስ ያለኝ ፍቅር የጀመረው ከሰልባጅ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ መርካቶ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን እንደ ደመወዝ ቀን ነበር የምጠብቀው። እናቴ «የሞተ ፈረንጅ ልብስ ቤቴ አታስገቢ» ትለኛለች፤ እኔ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቁልፉን ቀይሬ ለብሼው ስወጣ ደግሞ «ይሄን የመሰለ ከየት አመጣሽ?» ትላለች። ለጓደኞቼ የምናገረው ከቦሌ ቡቲክ እንደገዛሁት ነበር። እና እዚህ መጥቼ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሰልባጁ «ቪንቴጅ» ተብሎ፣ መብራት በርቶለት፣ ሽቶ ተረጭቶለት፣ እኛ ከክምር ውስጥ በእግራችን የምንገለብጠው ዓይነት ካፖርት 180 ዩሮ ተለጥፎበት ተሰቅሏል። ሻጯ በኩራት «የ80ዎቹ ነው» አለችኝ። እኔማ ስደብቀው የኖርኩትን!

የመጀመሪያው ሳምንት ስህተቴ ጫማ ነው። የፋሽን ከተማ ነው ብዬ ቀጭን ተረከዝ ያለው ቡትስ አድርጌ ማንዞኒ ጎዳና ወጣሁ። በማንዞኒ ትራም ያልፋል፣ ያ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ የሚሠራው ቢጫ፣ ወንበሩ እንጨት የሆነው። ተረከዜ ሃዲዱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ትራሙ ደወሉን እያቃጨለ መጣ፣ እኔ እግሬን ላውጣ ወይስ ጫማዬን ላውጣ እያልኩ ስደናበር አንዲት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ አሮጊት ክንዴን ይዘው ሳብ አደረጉኝ፣ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ተመለከቱ፣ እኔም አየሁት። ጠፍጣፋ ጫማ። ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ቡትሱ አልጋ ስር ነው።

ቋንቋው እንደፈራሁት አልሆነም። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ «ሜትሮ» ስትል ሁሉም ግራ ሲጋባ እኔ መለኪያውን አቀበልኳት። ልብስ ሰፊያችንም እኮ ሜትሮ ነው የሚለው። ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ካወቅኩ ቆየሁ። ሙታንታንም አውቃለሁ፣ እሷን ግን ለራሴ ያዝኳት።

ስለ ሞንቴናፖሌዎኔ ጎዳና ሁሉም ይጠይቀኛል። እንዴት ነው፣ ምን ገዛሽ? እ.ኤ.አ. በ2024 በሱቅ ኪራይ ከዓለም አንደኛ ውድ ጎዳና ተብሎ ኒውዮርክን ቀድሞ ነበር፤ አንድ ካሬ ሜትር በዓመት 20,000 ዩሮ። አልጋዬ የሚይዘው ሁለት ካሬ ነው፤ እዚያ ቢዘረጋ ለመተኛ ብቻ 40,000 ልከፍል ነው። ምን እገዛለሁ? መስኮት ነው የማየው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መንገዱ ላይ ከምታዩት ሰው ግማሹ እንደኔ መስኮት የሚያይ ነው። ፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ እንደገና ተነሥቶ ይሄዳል።

ጋለሪያው ይሻላል። ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ የሚባለው፣ በመስታወት የተሸፈነው አሮጌ የገበያ አዳራሽ። ፕራዳ እ.ኤ.አ. በ1913 የመጀመሪያውን ሱቅ የከፈተው እዚያ ነው፣ ያኔ የሚሸጠው ሻንጣና ቦርሳ ነበር። ሱቁ ዛሬም አለ። ወለሉ ላይ ያለው የበሬ ሥዕል ላይ በተረከዝ ሦስቴ ከዞሩ ዕድል ያመጣል ይባላል፤ የበሬውን የት ላይ እንደሚረግጡት አልነግራችሁም፣ ድንጋዩ እዚያ ጋ ጎድጉዷል።

የሚላንን አለባበስ ማየት ለሚፈልግ ግን ምክሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሰፈር ቡና ቤት መቆም ነው። ባንኮኒው ጋ ቆመው ቡናቸውን በሁለት ጉንጭ የሚጨርሱት አሮጊቶች። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ የግመል ቀለም፣ በቃ። የሚጮህ ነገር የለም። የእጅጌው ርዝመት ግን እጁ አንጓ ላይ ልክ ይቆማል፣ ትከሻው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ካፖርቱ ምናልባት ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። እኔ አገሬ እያለሁ ፋሽን ማለት አዲስ ይመስለኝ ነበር።

ይሄ የገባኝ ደግሞ ክፍል ውስጥ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን አንዲት ሲኞራ የልብስ ማስተካከያ ቤት እሠራለሁ። ጠባብ ናት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰቀለ ልብስ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የወፈሩ ጌቶች ወገብ አሰፋለሁ። ሲኞራዋ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ደንበኛ ሲገባ ሰላም ከማለታቸው በፊት ልብሱን ተቀብለው ይገለብጡታል። ከውስጥ ያዩትና ወይ ቅንድባቸውን ያነሳሉ፣ ወይ ይተነፍሳሉ። እኔም ለመደብኝ። ሺህ ዩሮ የወጣበት ኮት ውስጡ በሙጫ የተያያዘ ሆኖ አይቻለሁ፣ የማንም ስም የሌለው፣ ምናልባት አንድ የሠፈር ሰፊ የሠራው ሱሪ ደግሞ ኋላ ስፌቱ ውስጥ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተቀምጦለት፣ ባለቤቱ ሲወፍር ይሰፋ ዘንድ። ያንን ሱሪ ስፈታ እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም።

የፋሽን ሳምንት የመጣው ገና በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው፣ የካቲት ላይ። አንድ ትልቅ ትርኢት በር ላይ ፎቶ አንሺዎች ይሰበሰባሉ፣ አለባበሱ የማረካቸውን መንገደኛ ያነሳሉ ሲሉኝ ሁለት ቀን ተዘጋጀሁ። ከመርካቶ ያመጣሁትን የወንድ ካፖርት፣ ውስጡ የሽሮ ሜዳ ጥለት ያለው ሸሚዝ፣ ፀጉሬን ሹሩባ። አንዱ ፎቶ አንሺ አየኝ። ካሜራውን አነሳ። ፈገግ አልኩ። በእጁ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ አለኝ፤ ወደ ግራ ሄድኩ፤ ገና ወደ ግራ አለኝ። ለካ ከኋላዬ የቆመችውን ልጅ ከልዬበት ነው። እዚያው ቆሜ ምን አደረግኩ? የልጅቷን ካፖርት ጀርባ አየሁ። መሃል ስፌቱ ላይ መስመሮቹ አልገጠሙም። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በእግሬ ወደ ፖርታ ቬኔትሲያ ሄድኩ። ሲከፋን የምንሄደው ወደዚያ ነው፤ ሜልዞና ሌኮ ጎዳና፣ የኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች፣ የበርበሬው ሽታ። ከፋሽን ጎዳናዎቹ አንድ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፣ አቋራጩ በመናፈሻው በኩል ነው። መናፈሻው ውስጥ ወርቃማ ሐውልት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የቆመ፤ ኢንድሮ ሞንታኔሊ የሚባለው ዝነኛ ጋዜጠኛ። በፋሺስቱ ወረራ ጊዜ መኮንን ሆኖ መጥቶ የ12 ዓመት ልጅ «ገዝቼ አገባሁ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 በቴሌቪዥን የተናገረ ሰው ነው፣ ሳያፍር። በ2019 ሮዝ ቀለም፣ በ2020 ቀይ ቀለም ደፉበት፤ ሁለቴም አጠቡት። እቴቴ በዚያ አታልፍም፣ ዞራ ነው የምትሄደው። እኔም አሁን እዞራለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 29 ሐሙስ ማታ እቴቴ ደወለች።

«አርማኒ ሞቱ አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ጆርጆ አርማኒ፣ ዝነኛው የሚላን የልብስ ዲዛይነር፣ 91 ዓመታቸው ነበር። «ቅዳሜ ለሕዝብ ክፍት ነው ተብሏል፣ ለቅሶ እንድረስ» አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን አልቀለደችም። «ሠላሳ ዓመት አንድ ከተማ ኖረን እንዴት ለቅሶ እንቀራለን?» ጳጉሜ 1 ጠዋት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፖርታ ጄኖቫ ሜትሮ ጋ ጠበቀችኝ።

ቤርጎኞኔ ጎዳና ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊታችን ጥንዶች፣ ከኋላችን ሽማግሌ፣ ወጣቶች፣ ሁሉም ጠቆር ያለ ለብሷል። እቴቴ ሰልፉ ላይ ቆማ «ለመሆኑ ምን ሠርተው ነው እንዲህ የተወደዱት?» አለችኝ። ኮራሁ። ተማሪ ነኛ። ፒያቼንሳ የሚባል ከተማ እንደተወለዱ፣ ሕክምና ጀምረው እንደተዉት፣ ላ ሪናሼንቴ የሚባለው ዱኦሞ ካቴድራሉ ጎን ያለው ትልቅ መደብር ውስጥ መስኮት ከማስጌጥ እንደጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የራሳቸውን ድርጅት እንደከፈቱ፣ ሃምሳኛ ዓመቱ ሊከበር ሳምንታት ሲቀሩት እንደሞቱ ነገርኳት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ግራጫ ሕንፃ፣ ሥራዎቻቸው የሚታዩበት ሙዚየም፣ ድሮ የእህል ጎተራ እንደነበርም። ጎተራው ደስ አላት። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባሁ።

«የሰው ኮት ውስጡ ገበር አለው፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ አለው፣ ደረቱ ላይ ጠንካራ ጨርቅ አለው አይደል? እሳቸው ያንን ሁሉ አወጡት። ገበሩን አወጡ፣ ስፖንጁን አወጡ። ኮቱ እንደ ሸሚዝ ቀለለ።»

ትንሽ አሰበች።

«ገበሩን አውጥተው ነው ያንን ሁሉ ብር ያስከፈሉት?»

ከፊታችን ያሉት ዞር አሉ። ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ወለሉ ላይ ፋኖሶች ተደርድረዋል፣ ሣጥኑ ላይ ነጭ ጽጌረዳ። ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይናገርም፣ ቆም ብሎ ማለፍ ነው። እቴቴ ቤተሰቡ የት እንደተቀመጠ ፈለገች፣ አጣች፤ በሩ ጋ ለቆመው ሙሉ ጥቁር ለለበሰ ልጅ በአማርኛ «እግዜር ያጥናችሁ» አለችው። ልጁም ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ስንወጣ «ንፍሮ እንኳን የለም» አለች።

ቤት ስንደርስ ከቁም ሳጥኗ አንድ ኮት አወጣች። ግራጫ፣ ለስላሳ ሱፍ። አምስት ዓመት ያስታመመቻቸው ሲኞራ ሲሞቱ ልጃቸው የሰጠቻት ነው። «የሞተ ፈረንጅ ልብስ» እኮ ነው፣ እናቴ ብታይ። ያዝኩትና፣ ልማድ ነው፣ ገለበጥኩት። ገበር የለውም። ስፖንጅ የለውም። እያንዳንዱ የውስጥ ስፌት ጠርዙ በቀጭን የሐር ጥብጣብ ተሸፍኗል። ልቤ ደነገጠ። አንገቱ ጋ ያለውን ስም ፈለግኩ፤ የተቆረጠ ክር ብቻ ነው ያለው።

«እቴቴ፣ እዚህ ላይ የነበረውስ?»

«አንገቴን ሲቆረቁረኝ ቆርጬ ጣልኩት።»

«ምን ይል ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ይልቅ ገበር አስገቢልኝ። ይበርደኛል።»

አስረዳኋት። ገበር ቢገባበት ልብሱ ሌላ ልብስ እንደሚሆን፣ አጣጣሉ እንደሚበላሽ፣ ይህ ስፌት እንዲታይ ተብሎ እንደተሰፋ። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «ገበር የሌለው ኮት አልጨረሱትም ማለት ነው» አለች። ሁለት ሳምንት አልነካም ብዬ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ደወለች። በመጨረሻ ቅዳሜ ፓፒኒያኖ ገበያ ሄጄ ወይን ጠጅ ገበር ገዛሁ፣ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ከጥብጣቡ አንድም ሳልፈታ በእጅ መርፌ ከላይ ሰፋሁት፣ አንድ ቀን የሚያወጣው ሰው ቢመጣ ብዬ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰጠኋት። ለበሰችው፣ መስታወት ፊት ዞረች፣ ቆልፋ ፈታችው፣ ከዚያ እጇን በግራ በኩል ወደ ውስጥ ሰደደችና ደረቷን መዳበስ ጀመረች።

«ምን ጠፋሽ?»

«ኪሱ የታለ? ለገንዘቤ። እኔ ገበሩን ለምን የፈለግኩት ይመስልሻል?»

ኮቱን አወለቀችና መልሳ ክንዴ ላይ ጣለችው።