ጎቤርን ብቻውን አትውቀሱት

በኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቴራንስ ማን 39 ነጥብ ያገባባት ማታ እስካሁን ከያኔው የዩታ ጃዝ ሴንተር (ቅርጫቱን የሚጠብቀው ረጅሙ ተጫዋች) ከሩዲ ጎቤር ራስ ላይ አልወረደችም። 2021 ጁን ላይ፣ የቴራንስ ማን ቡድን ክሊፐርስ ከዩታ ጃዝ፣ የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፉ) ስድስተኛው ጨዋታ። የክሊፐርሱ ኮከብ ካዋይ ሌናርድ ተጎድቶ የለም፣ ዩታ እረፍት የወጣው 72 ለ 50 እየመራ ነው፣ ልዩነቱ 25 ሁሉ ደርሶ ነበር፣ ከዛ ክሊፐርስ 131 ለ 119 አሸንፈው አሰናበቱት። ቴራንስ ማን ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ላይ ብቻውን ቆሞ ሦስት ነጥብ ሲወረውር የሚያሳየው ቪዲዮ በየጊዜው ይለጠፋል፣ ከስሩ ያለው ኮመንት ደሞ ሁሌ አንድ ነው፣ «ጎቤር ለፕሌይኦፍ አይሆንም»።

እኔ በዚህ ጭራሽ አልስማማም። እስቲ ድጋሚ እዩት፣ ግን ኳሷ ኮርነር ከመድረሷ በፊት ያለውን እዩ። ክሊፐርስ ረጅሙን ሴንተር አስቀምጠው አምስቱም መወርወር የሚችሉ ልጆች አስገቡ፣ ጎቤር የሚይዘው ሰው ኮርነር ላይ የቆመው ቴራንስ ማን ሆነ። የክሊፐርሶቹ ሬጂ ጃክሰን ወይ ፖል ጆርጅ ፊቱ ያለውን ተከላካይ በአንድ እርምጃ ያልፈውና ቀጥ ብሎ ወደ ሪም (ቅርጫቱ) ይሄዳል። ጎቤር ምን ያድርግ? ካልመጣ ሌይአፕ (ቅርጫቱ ስር ቀላል ነጥብ) ነው፣ ከመጣ ቴራንስ ማን ብቻውን ይቀራል። ሴንተሩ ለእርዳታ ሲሄድ የሱን ሰው ሌላ ሮጦ መሸፈን አለበት፣ የዛን ሰው ደሞ ሌላ፣ እንደዛ እየተቀባበሉ ነው ዲፌንስ የሚባለው። ያን ቀን ያ ሁለተኛው ሰው ብዙ ጊዜ አልነበረም።

ዩታ የሚጫወተው ደሞ ድሮፕ የሚባለውን ዲፌንስ ነበር። ስክሪን (አንድ አጥቂ ቆሞ የተከላካዩን መንገድ ሲዘጋ) ሲመጣ ሴንተሩ ወደኋላ ወርዶ ሪሙን ይጠብቃል፣ ጋርዱ (ኳስ የያዘውን የሚይዘው ፈጣኑ ተከላካይ) ስክሪኑን ታግሎ አልፎ ኳስ የያዘውን ከኋላ እያሳደደ ያስጨንቀዋል። ሰው ሴንተሩን ነው የሚያየው፣ ለኔ ግን ከባዱ ስራ የጋርዱ ነው። እሱ ስክሪኑ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ኳስ የያዘው ልጅ ተረጋግቶ ይመርጣል፣ ልወርውር ወይስ ሎብ (ከፍ ያለ ኳስ) ላቀብል ብሎ፣ ጎቤር ለብቻው ሁለት ሰው ይዞ ይቀራል።

ጎቤር ከዩታ ወደ ሚኒሶታ ቡድን ሄዶ ምን ሆነ? ፊቱ ጄደን ማክዳንኤልስን፣ ኒኪል አሌክሳንደር ዎከርንና አንቶኒ ኤድዋርድስን አገኘ፣ በ2023-24 ሚኒሶታ የሊጉ ቁጥር አንድ ዲፌንስ ሆነ፣ እሱም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን ለአራተኛ ጊዜ ወስዶ በሽልማቱ ብዛት ከቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ከሙቶምቦና ከቤን ዋላስ እኩል ሆነ። ያኔም ያው ጎቤር ነው፣ እግሩ አልፈጠነም። እንዲያውም በዛው ዓመት ፕሌይኦፍ ከዴንቨር ጋር ሁለተኛውን ጨዋታ ልጁ ተወልዶ እሱ ሳይጫወት ቀርቶ ቻምፒዮኖቹን በሜዳቸው 106 ለ 80 ነው ያሸነፉት። ማክዳንኤልስ ስክሪን ላይ ትከሻውን አጥብቦ ሹልክ ሲል እዩት፣ ከኔ በላይ እሱ ያስረዳችኋል።

«የዳላሱ ዶንቺችስ?» የሚል አይጠፋም፣ ልክ ነው፣ በዛው ዓመት በዌስት ፋይናል (የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ) ሁለተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ጎቤር ፊት ስቴፕ ባክ አርጎ (ወደኋላ ተስቦ) ሦስት አገባና ዳላስ 109 ለ 108 አሸነፈ። ግን ያ ሹት ዶንቺች ዓመቱን ሙሉ ፈጣን ጋርዶች ላይም ሲያገባው የከረመው ሹት ነው።